ጆሮው የታሰረው ድስት

ቅናት ነው ካላችሁኝ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም ፍለጋ አልደክምም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ነጠላዬን እንደተከናነብኩ አስፋልቱ ዳር ቆሜ የማየው ነገር ቆሽቴን ያሳርረዋል። የኔ መጋዘን በር በቁልፍ ተጠርቅሟል። ከአስፋልቱ ማዶ የሐጂራ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አይሱዙው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፣ ጫኞቹ ጆንያ ይወረውራሉ፣ ከውስጥ የሴቶች ሳቅ ይሰማል። የሸዋ ሮቢት ግማሹ ሰው እግሩን ዘርግቶ በተቀመጠበት ቀን እሷ ማሾ ትጭናለች።

ሥራችን አንድ ነው። ገበሬው ከቀወት ቆላ በአህያ ጭኖ ያወጣውን ማሾ ነጋዴ ይገዛና ለኛ ይሰጠናል። የኛ ሴቶች ሸራ ላይ ተቀምጠው ጠጠሩን፣ የተጨማደደውን፣ ነቀዝ የበላውን በጣታቸው ይለቅማሉ። የጠራው በጆንያ ተሰፍቶ አዲስ አበባ ይሄዳል። ማሽን ያላቸው አሉ ይባላል፤ እኛ ያለን ዓይንና ጣት ነው። ብዙ ዓይን ያለው ቶሎ ይጨርሳል፣ ቶሎ የጨረሰ ደግሞ ነጋዴ አያጣም።

ሐጂራ ሥራውን የጀመረችው ከኔ በኋላ ነው፤ ይህን አትርሱብኝ። መጀመሪያ ሰሞን ሚዛን እንኳ አልነበራትም፣ ከኔ እየተዋሰች ነበር የምትመዝነው። «ሰብልዬ፣ ሚዛንሽን» እያለች በሬ ላይ ትቆም ነበር። እያደር የሷ በር የማይዘጋ፣ የኔ በር የማይከፈት ሆነና አረፈው።

ዘዴዋ የተደበቀ አይደለም፤ አገር ያውቀዋል። ሐጂራ ሴት ስትቀጥር የማን ልጅ ነሽ ብላ አትጠይቅም። ግማሾቹ ክርስቲያን ናቸው፣ ግማሾቹ ሙስሊም። እርስ በርሳቸው ኦሮምኛ የሚያወሩ አሉ፣ አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ ወጥተው እዚሁ የቀሩ አሉ። ሲሃም የምትባል እግሯ አልታጠፍ የሚላት ልጅ አለች፤ እሷም ከፍ ያለ ዱካና ጠረጴዛ ተሠርቶላት ትለቅማለች። እሑድ፣ በማርያምና በሚካኤል ክርስቲያኖቹ ሲያርፉ ሙስሊሞቹ ይሠራሉ። ዓርብ ከቀትር በኋላና በዒድ ሙስሊሞቹ ሲያርፉ ክርስቲያኖቹ ይሠራሉ። እንዲህ ቀን እየተበዳደሩ በሯን አያዘጉትም።

በዓል በመጣ ቁጥር ደግሞ ሁለት ቦታ ጉልቻ ታስጎልታለች። ለክርስቲያኖቹ በግ ትሰጣቸዋለች፤ ራሳቸው ያርዳሉ፣ በራሳቸው ድስት ያበስላሉ። ለሙስሊሞቹም እንዲሁ። ቢላዋውም ድስቱም አይገናኝም፤ ሰዎቹ ግን አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይበላሉ። አጥሬን ተሻግሮ የሚመጣው የነሱ ሳቅ ነው።

እኔ የምቀጥረው የማውቀውን ነው። የማኅበሬን ሴቶች፣ የእኅቶቼን ልጆች፣ የክርስትና ልጆቼን። የማላውቀውን ሰው ምን ብዬ ነው መጋዘኔ ውስጥ የማስገባው? እናም ማርያም ስትሆን ሁሉም ያርፋል። ልጅ ሲዳር፣ ተዝካር ሲወጣ፣ ሁሉም ዘመድ ነውና ሁሉም ይሄዳል። ማሾው ከነጠጠሩ ይቀመጣል።

የባሰብኝ የዓይናለም ነገር ነው። ዓይናለም የክርስትና ልጄ ናት፤ ለቀማ ያስተማርኳት እኔ። ባለፈው ዓመት ተነስታ ሐጂራ ጋ ገባች። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይዤ «ምን አጎደልኩብሽ?» ብላት አንገቷን ደፍታ «እዚያ ይሳቃል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የሐጂራን ግቢ ሳቅ በሰማሁ ቁጥር የዓይናለምን ድምፅ ለይቼ እፈልጋለሁ፤ አገኘዋለሁም።

ጋሼ ተክሌ የመጡት በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ መጥተው ማሾ ከሚገዙት ነጋዴዎች እንደሳቸው ያለ የለም። ሁለታችንንም አስጠሩን። ያስጠሩን ሐጂራ በር ላይ ነው፤ ይህም አናደደኝ።

«ለሁለታችሁም እኩል እሰጣለሁ» አሉ። «አረፋ ባለፈ በሰኞው መኪና ይዤ እመጣለሁ። ጨርሳ የጠበቀችኝ የዓመቱን ሥራ በሙሉ ትወስዳለች። ከሁለት ቦታ መመላለስ ሰልችቶኛል።»

እሳቸውን ያጣ መጋዘን ዓመት አይከርምም። በሬን ለሽንኩርት ነጋዴ አከራይቼ ቤቴ መቀመጤ ነው። ሐጂራ «ኢንሻአላህ» ብላ ፈገግ አለች። ያ ፈገግታ ሌሊቱን ሁሉ ጣራዬ ላይ ሲሄድ አደረ።

በማግስቱ ደስታን ጠራኋት። ደስታ የለቃሚዎቼ አለቃ፣ የማኅበር እኅቴም ናት። «እኛም እሑድ መሥራት አለብን» አልኳት።

«በእሑድ ማሾ ስለቅም ሰው አይቶኝ?»

«አንቺ አይደለሽም የምትሠሪው። ሙስሊም ሴቶች እንቀጥራለን።»

ደስታ ሰፌዷን አስቀመጠች። «አሁን ነው ትዝ ያሉሽ? ያቺን ናፊሳን የመለስሻት አምና አይደለም እንዴ?»

እውነቷን ነው። ናፊሳ ከአጣዬ ናት። ቤቷ ከተቃጠለ ወዲህ እዚህ አንድ ክፍል ተከራይታ ልጆቿን ታሳድጋለች። አምና በሬ ላይ መጥታ ሥራ ስትጠይቀኝ ስሟን ሰማሁና «ቦታ ሞልቷል» ብዬ መለስኳት። በዚያው ቀን ከሰዓት የደስታን የአክስት ልጅ አስገባሁ። ናፊሳ ያን ጊዜ ሐጂራ ጋም ቦታ አላገኘችም፤ ሽንኩርት ነቀላ እየዋለች ነበር የምትኖረው።

አስጠራኋት፣ መጣች። ስለ አምናው አንዲት ቃል አላነሳችም። «እሺ እትዬ። እጃቸው ፈጣን የሆነ ሴቶች አውቃለሁ፣ ይዣቸው ልምጣ?» ብቻ አለች። ይዛቸው መጣች። እውነትም እጃቸው ፈጣን ነበር።

ከዚያ የመቀመጫ ነገር መጣ። ግቢዬ ውስጥ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ የድሮዎቹ ሴቶቼ ሸራቸውን የሚዘረጉት ከሥሩ ነው። የውሃው ማሰሮም እዚያው ነው። አዲሶቹን ከኋላ፣ ከቆርቆሮው ሥር አስቀመጥኳቸው። የኛን የግንቦት ሙቀት ለማያውቅ ሰው ቆርቆሮ ምን እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል፤ ቀትር ላይ ከሥሩ የዋለ ሰው እንደ ዳቦ ይበስላል። እሑድ ጥላው ባዶ በሆነ ጊዜ እንኳ ከዚያው ነበር የሚውሉት፣ ደስታ «ሸራችንን እንዳይነኩብን» ስላለች። እርስ በርሳቸው ኦሮምኛ ሲያወሩ ደግሞ የማንጎው ሥር ሴቶች «ምን እያሉን ይሆን?» ብለው አኮረፉ። እኔም ሄጄ «እዚህ ግቢ በአማርኛ ነው የሚወራው» አልኩ።

«እሺ እትዬ» አለች ናፊሳ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቆርቆሮው ሥር ወሬ የሚባል ጠፋ። ማሾው ሰፌድ ላይ ሲንኮሻኮሽ ብቻ ይሰማል። ማዶ ይሳቃል፣ እኔ ጋ ዝም። ከሐጂራ የወሰድኩት እሑዷን ነው፤ ሳቁ ለምን አብሮ እንዳልመጣልኝ አይገባኝም ነበር። ሰዎቹን አኩራፊ ናቸው እያልኩ ለደስታ አማኋቸው።

ሥራው ግን ሰመረ። ከቅዳሴ ስመለስ በሬ ተከፍቶ ሳየው ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ሐጂራ እንድታየኝ ቀስ ብዬ ነው አስፋልቱን የምሻገረው። ጉዳይ ሳይኖረኝ እንኳ ጎራ ብዬ በተከፈተው በሬ ገብቼ እወጣለሁ።

ፋሲካ ሲደርስ በግ አርጄ ለሴቶቼ አበላሁ። የቀቀልኩበት ትልቁ የድግስ ድስት የእናቴ ነው፤ አንድ ጆሮው ተሰብሮ በመዳብ ሽቦ ታስሯል። የክርስቲያን እርድ ለነናፊሳ አይሆንምና ለነሱ ዳቦና ሻይ አስያዝኩላቸው። ከቆርቆሮው ሥር ሆነው ዳቧቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ ደስታ ከድስቱ ስታወጣ ያያሉ። ማየታቸውን አየሁ፤ ምንም አልመሰለኝም።

ግንቦት ሲጋመስ አረፋ ቀረበ፤ ከተማውም የሐጂራን ድግስ ማውራት ጀመረ። ከገበያ ያመጣኝ ባለባጃጅ ሳይቀር «ዘንድሮ ወይፈን ልትጥል ነው አሉ» አለኝ፣ እኔ ሳልጠይቀው። ወርጄ ሂሳብ ስሰጠው ባጃጁ ጀርባ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ተጽፎ አየሁ። ጽሑፉን ሐጂራ ራሷ ያጻፈችው መሰለኝ።

እኔም ለሙስሊም ሠራተኞቼ እደግሳለሁ አልኩ። ስለ ናፊሳ አስቤ እንዳይመስላችሁ። ሐጂራ ጭሱን እንድታየው ነው።

ሰው ወደ ማጀቴ ከተማ ልኬ፣ ሲራመድ የሚያቃስት ሙክት ፍየል አስመጣሁ። ከጫኞቼ አንዱ ሳልህ ነው፤ እሱ በሥርዓቱ «ቢስሚላህ» ብሎ አረደ። እዚህ ድረስ ነቀፌታ የለብኝም። አገራችን በሠርጉም በተዝካሩም ለሙስሊም ጎረቤቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከብቱን ይሰጥና እርዱንም እሳቱንም ለነሱ ይለቃል፣ ድስቱን ከሙስሊም ቤት ያስመጣል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፣ እዚህ የተወለደ ሁሉ ያውቀዋል።

ናፊሳ እጇን በሻሿ ጫፍ እያደረቀች መጣች። «እትዬ፣ የኔ ድስት ትንሽ ናት፣ ይህን ሁሉ አትችልም። ትልቁን ከእትዬ ሐጂራ ግቢ ላምጣ?»

የሐጂራን ስም። በኔ ድግስ፣ በኔ ፍየል ላይ።

«ከሐጂራ ግቢ ማንኪያ አይገባም» አልኩ። «ድስት አለኝ፣ አዲስ ነው። እናንተ ደግሞ እንግዶች ናችሁ፤ ደስታ ታበስላለች፣ ተቀመጡ።»

ናፊሳ «እሺ እትዬ» አለች።

አዲስ ድስት የለኝም። ጓዳ ገብቼ የእናቴን ድስት አወጣሁ። በአሸዋ ፈተግኩት፣ በሎሚ አሸሁት፣ በፈላ ውሃ አለቀለቅኩት። ደስታ በሩን ተደግፋ ታየኛለች።

«ሰብለ፣ ተይ። ይህ የኛ ሥጋ የተሠራበት ነው። ለኔ የነሱ ሥጋ የተሠራበትን አጥበው ቢሰጡኝ እበላለሁ?»

«የታጠበ ድስት ሃይማኖት የለውም።»

«አንቺ ነሽ ይህን የምትይው? በጾም ቅቤ የነካውን ጭልፋ በእንጨት የምትገፊው?»

«ሽንኩርት ክተፊ» አልኳት። የታሰረውን ጆሮ በጨርቅ ጠቀለልኩት።

ሸራውን ያን ቀን ከማንጎው ሥር አስዘረጋሁ፤ ከመንገዱ እንዲታይ። የወጡ ሽታ አስፋልቱን ተሻግሮ ሐጂራ ግቢ እንደገባ እርግጠኛ ነበርኩ። እነናፊሳ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው ተቀመጡ፤ ሳልህም ከጫኞቹ ጋር መጣ። ደስታ ድስቱን ይዛ ወጥታ መሀል አስቀመጠችው። ስታስቀምጠው ጨርቁ ተንሸራተተ፤ የመዳቡ ሽቦ ብልጭ አለ።

ናፊሳ ሽቦውን አየች፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። እጃቸውን ታጠቡ። ወጥ ወጣላቸው። ከእንጀራው ዳር፣ ወጡ ካልደረሰበት፣ ጥቂት ጥቂት እየቆረሱ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሳልህ እንኳ፣ ሲበላ ቀና የማይለው ሳልህ፣ ጣቶቹን እያየ ተቀመጠ።

«ብሉ እንጂ» አልኩ።

«እየበላን ነው እትዬ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች ናፊሳ። «የአረፋ ሰሞን አይደል፣ ጠግበን ነው የመጣነው።»

ሲጨርሱ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልኝ። ልጆችዎን ያሳድግልዎ፣ ቤትዎን ይሙላው አሉ። አመስግነው ሄዱ። ወጡ እንዳለ ቀረ። እኔና ደስታ አንበላው፣ የሙስሊም እርድ ነው። እነሱም አይበሉት፣ የኔ ድስት ነክቶታል። ያ ሁሉ ፍየል የማንም ሳይሆን ቀርቶ ለውሻ ተደፋ።

አላፈርኩም፤ ተናደድኩ። ሐጂራ መክራቸው ነው አልኩ። አዋርደው ሊያሳዩኝ ነው አልኩ። ደስታ ድስቱን እያጠበች አንድም ጊዜ ቀና ብላ አላየችኝም።

በማግስቱ ሐጂራ ከበሯ ላይ ሆና እጇን አነሳችልኝ። «ሰብልዬ፣ ድግስሽን ሰማሁ። ጠገብን፣ ተደሰትን እያሉ ነው። አላህ ይስጥሽ።»

ፌዝ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? «ያንቺን አያህልም» ብዬ በሬን ዘጋሁባት።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ግን የተዘጋው የኔ በር ነበር። እሷ ዘንድ የነበረውን የእሑዱን ቁልፍ ናፊሳ በደስታ እጅ ልካዋለች። ማዶ እንደ ወትሮው አይሱዙ ቆሟል። እኔ ጋ ከቆርቆሮው ሥር ያልተለቀመው ማሾ እንደ ኩይሳ ተቆልሏል፤ መኪናው ደግሞ ነገ ነው። ናፊሳ ቤት ሰው ልላክ ብል ኩራቴ አልፈቀደም። ደስታን «ዛሬ ብቻ፣ ስለ እመቤቴ» ብዬ ለመንኳት። እሑድነቱ ሳያንስ የእኅቷ ልጅ ክርስትና ነበር፤ ሴቶቼ ሁሉ እዚያ ናቸው።

ነጠላዬን ሰቅዬ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ከቆርቆሮው ሥር ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ረፋዱ ላይ ቻልኩት። ቀትር ሲሆን ላቤ ማሾው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ዓይኔ ጠጠሩን ከፍሬው መለየት አቃተው። ውሃ ልጠጣ ስል ማሰሮው ማንጎው ሥር ነው፤ በዚያ ፀሐይ ግቢውን አቋርጦ መሄድ ነው። ሁለተኛ ሲጠማኝ ተውኩት። ከናፊሳ ጋር የመጣችው ነፍሰ ጡር ጓደኛዋ ትዝ አለችኝ፤ ያቺ ልጅ ቀኑን ሙሉ አትጠጣም ነበር፣ እኔ ደግሞ ሥራ ወዳድ ናት ብዬ አመስግኛታለሁ።

ሰኞ ጋሼ ተክሌ መጡ። የሐጂራን ጫኑ። ከዚያ ተሻግረው የኔን አንድ ጆንያ ከፈቱ፣ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው አስገብተው ጠጠር ይዘው አወጡ። አልተቆጡም። «አይ ሰብለ» አሉ፣ ጠጠሩንም መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ? የዓመቱ ሥራ አስፋልቱን ተሻገረ።

ከሰዓት ሐጂራ መጣች። ልትስቅብኝ ነው ብዬ ወገቤን ይዤ ጠበቅኳት። ገብታ ማሰሮው አጠገብ ቆመች።

«ሰብልዬ፣ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ሥራው በዛብኝ፣ ሰው ልጨምር ነው። ናፊሳና ጓደኞቿ ቦታ ጠይቀውኛል። የጎረቤትን ሠራተኛ ሳልነግር አልወስድም። ደግሞ ነገሩ ግራ ገባኝ። ያን የመሰለ ፍየል አርዳልን፣ ከማንጎው ሥር አስቀምጣን እያሉ ስምሽን ሲያነሱ ነው የሰነበቱት። ታዲያ ለምን ለቀቃችሁ ስላት ናፊሳ ዝም። ሰርቀውሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ አላስገባቸውም።»

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ያን ቀን የሰማሁት ፌዝ አልነበረም። ናፊሳ ከግቢዬ እንደወጣች፣ ከደረቅ እንጀራ በቀር ያልቀመሰችበትን ድግስ በልተን ጠገብን ብላ አወራችልኝ። ዓመት ሙሉ የቀናሁት በሐጂራ መኪና አልነበረም ማለት አልችልም፤ በመኪናዋም ቀንቻለሁ። አብልጦ የሚያንገበግበኝ ግን እሷ በሌለችበት ስሟ በደህና መነሳቱ ነበር። የኔንም ስም በሌለሁበት የሚጠብቅ ሰው ነበረኝ ለካ። ከቆርቆሮው ሥር አስቀምጬው።

ሐጂራ መልሴን ትጠብቃለች። «አዎ፣ ሰርቀዋል» ብል ታምነኛለች፤ ናፊሳም ሽንኩርት ነቀላዋ ትመለሳለች፣ ሐጂራም እነዚያን ፈጣን እጆች አታገኝም። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር።

«አልሰረቁም» አልኩ። «በፋሲካው ድስት ነው ያበሰልኩላቸው። አዲስ ነው ብዬ።»

ሐጂራ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። «ድስት ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» አለች። «እኔ ስንት ጊዜ ሚዛንሽን ተውሼያለሁ።»

«አንቺን መጠየቅ ነው የከበደኝ። ያንቺ ግቢ ይሳቅበታል። ውሰጃቸው፣ እጃቸው ፈጣን ነው። ጥላ ሥር አድርጊያቸው። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት።»

በማግስቱ ናፊሳ ቤት ሄድኩ። ባዶ እጄን ነው የሄድኩት፤ ምን ተይዞ እንደሚኬድ አላወቅኩም። አንዲት ክፍል ናት፣ ከደጃፏ ጉልቻ አለ። ስታየኝ ብድግ ብላ ዱካ አወጣችልኝ፤ ጥላው በወደቀበት በኩል አስቀመጠችኝ፣ ራሷ ፀሐዩ ላይ ቁጢጥ አለች።

«ድስቱ የፋሲካው ነበር» አልኳት።

«አውቀናል እትዬ። ጆሮው ሽቦ አለው።»

«ታዲያ ለምን ጠገብን ብላችሁ አወራችሁልኝ?»

እሳቱን ቆሰቆሰች። «ደግሰውልን የለ? የጠራን ሰው ቤት ገብተን ስንወጣ ስሙን አናወርድም። ይህ የናንተም ወግ ነው። ሙቀቱን ችለነው ነበር እትዬ። ቋንቋችሁን ተዉ ሲሉንም ቻልን። የሚቀርብልን ነገር ሐላል ይሁን አይሁን እየተጠራጠርን ግን አንውልም። ከዚያ በኋላ የማሰሮውን ውሃ ሁሉ ጠረጠርኩት።»

ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ በወደድኩ። ሸራው ከእንግዲህ ለሁሉም ከማንጎው ሥር ይሆናል፣ የፈለጋችሁትን ቋንቋ አውሩ ልላት አሰብኩና፣ የሚለቀም ማሾ የሌላት ሴት ስለ ሸራ ማውራቷ አሳፈረኝ። «ሥራ ካገኘሁ እንደገና መጥቼ እጠይቅሻለሁ» ብቻ አልኳት። «ኢንሻአላህ» አለች። እሺም እምቢም አልነበረም። ከነገ ጀምሮ እዚያ ማዶ፣ ከዓይናለም ጎን ተቀምጣ ስትስቅ እንደምሰማት አውቃለሁ፤ እንደምቀናም አውቃለሁ።

ልነሳ ስል «ሳይቀምሱማ አይሄዱም» አለች። እሳቱ ላይ ካለው ድስት የአረፋ ቋንጣ ይሸታል። ከሱ አላወጣችልኝም። ወደ ክፍሏ ገብታ መደርደሪያ ላይ ለብቻዋ የተደፋች ትንሽ የሸክላ ድስት አመጣች። እሳቱን ከፍላ፣ ሌላ ቦታ ሦስት ድንጋይ አስጠግታ፣ ሽሮ ጣደችልኝ። ሲንተከተክ በንጹሕ ሳህን እንጀራ ዘርግታ አወጣችልኝ።

«ይቺ ሥጋ ገብቶባት አያውቅም፣ እትዬ» አለች። «ጎረቤቴ ክርስቲያን ናት፤ ለሷ ብዬ የለየኋት ናት። ይብሉ።»

ድስቷን አየሁ። ያረጀች፣ የጠቆረች የሸክላ ድስት ናት። ምን እንደገባባትና ምን እንዳልገባባት ከናፊሳ በቀር የሚያውቅ የለም።

እጄን ታጠብኩ። ጠግቤያለሁ አላልኩም፤ እውነት ነው ወይ ብዬም አልጠየቅኳት። በላሁ።